ማይል የአውሮፕላን ምርቃት ነው፤ ጣሳው ግን የማን ነው?

ድሬዳዋ ኤርፖርት፣ ገና በጠዋት። ከፊቴ የተሰለፉት እናት በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ካርቶን ይዘዋል። ቅባቱ ካርቶኑ ላይ ወጥቶ ሙሸበክ መሆኑን ያሳብቃል። አዲስ አበባ ላሉ ልጆች የሚሄድ ሙሸበክ፣ የድሬ ጣፋጭ ነው። ሚዛን ላይ የነበረችው ልጅ መታወቂያቸውን አየችና "የሼባ ማይልስ ቁጥር አለዎት?" አለቻቸው።

"እሱ ደግሞ ስንት ነው የሚከፈልበት?"

"ምንም አይከፈልበትም እናት።"

"አቦ ተይኝ! በነጻ የሚሰጥ ነገር መጨረሻው አያምርም።"

ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳስበው ግን እናትየው ግማሹን አግኝተውታል። ማይል በነጻ አይሰጥም። ወጥመድም አይደለም። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ መሀል ላይ ነው። አንዱ "የሀብታም ጨዋታ ነው" ብሎ የራሱን ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ማይል ላጠራቅም ብሎ ውድ ትኬት ይገዛል። ሁለቱም ይከስራሉ።

ለመሆኑ ማይል ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ማይል የርቀት መለኪያ ነው፤ አንዱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አየር መንገዶች ቃሉን ወስደው የነጥብ መጠሪያ አደረጉት። በበረራችሁ ቁጥር በስማችሁ ነጥብ ይመዘገባል። ሲጠራቀም ትኬት ይሆናል፣ ወይም ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ መቀመጫ ያሻግራችኋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህንን ሼባ ማይልስ ይለዋል። ምዝገባው ስልክ ላይ ያልቃል፣ ክፍያ የለውም።

ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1978 ድረስ እዚያ አገር ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት የሚበረርበትን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ ሕግ ወጣና አየር መንገዶች በዋጋ እንዲፎካከሩ ተለቀቁ። ደንበኛውም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ማለት ጀመረ። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ መላ ዘየደ፤ የበረርከውን ማይል እቆጥርልሃለሁ፣ ሲበዛ ያለ ሒሳብ አበርርሃለሁ አለ። ተፎካካሪዎቹም ብዙ አልቆዩም፣ ተከተሉት።

ታዲያ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

አሸዋ ገበያ ገብታችሁ የባቢሌ ለውዝ ስትገዙ ምን ትላላችሁ? ሻጯ ጣሳውን ሞልታ ከገለበጠች በኋላ "ምርቃት የታለ?" ነው። እሷም እያጉረመረመች እፍኝ ትጨምራለች። ማጉረምረሟ ለወጉ ነው። ያቺ እፍኝ ጠዋት ዋጋ ስትቆርጥ ታስባለች። ምርቃት ያልጠየቀ ደንበኛም በዚያው ዋጋ ነው የሚገዛው፤ እፍኙን ትቶላት ሄደ ማለት ነው።

ማይልም እንደዚያው ነው። ዋጋው ትኬቱ ውስጥ አለ። የማይል ካርድ የሌለው ሰው ቅናሽ አይደረግለትም፤ ምርቃቱን ትቶ ይሄዳል እንጂ።

አየር መንገዱን ብዙ የማይጎዳበት ሌላ ምክንያት አለ። የአወዳይን ጫት አስቡት። ጠዋት እሳት የሆነ ዋጋ ከሰዓት ይቀዘቅዛል፣ ማታ ላይ ማን ይጠይቀዋል? የአውሮፕላን መቀመጫ ከጫትም ይብሳል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ባዶ መቀመጫ ዋጋው ዜሮ ነው። ሳይሸጥ እንዳይቀር የተፈራውን መቀመጫ በማይል ቢሰጥ ተጨማሪ ወጪው ምግብና ትንሽ ነዳጅ ነው። ደንበኛው ግን የሙሉ ትኬት ስጦታ እንደተቀበለ ይቆጥረዋል።

አሜሪካ ውስጥማ ጨዋታው ሌላ ደረጃ ደርሷል። ባንኮች ከአየር መንገዶች ማይል በገፍ ይገዙና ክሬዲት ካርድ (የዱቤ መግዣ ካርድ) ለሚጠቀም ደንበኛቸው ያከፋፍላሉ። ሚኒሶታ ያለው የአክስታችን ልጅ "አስቤዛ ገዝቼ ማይል አገኘሁ" የሚለው ይህንን ነው። አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ሰሞን አውሮፕላን ሁሉ ቆሞ ሳለ ዩናይትድ ኤርላይንስ ማይሌጅ ፕላስ የተባለውን የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። አውሮፕላኑ ባይበርም ማይሉ ዋስ ሆነ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስይዝ ነገር ምርቃት ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

እኛ አገር ክሬዲት ካርድ ብዙ ስላልተለመደ ዋናው መሰብሰቢያችን መብረሩ ራሱ ነው።

ከድሬ አዲስ አበባ ብበር ስንት አገኛለሁ?

ትንሽ። በመኪና ቀኑን ሙሉ የሚያንገላታን መንገድ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል ከ200 ትንሽ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ጓንዡ ደግሞ በአንድ ጉዞ 5,000 ማይል ይጠጋል። በርቀት ብቻ ከተቆጠረ አንድ የቻይና መሄጃ ከሃያ በላይ የድሬ–አዲስ በረራ ያህላል። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ለለቅሶና ለሰርግ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ነጻ ትኬት ቶሎ አይጠብቅ። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ሱቅ ኖሮት እቃ ሊያመጣ ቻይና የሚመላለስ ነጋዴ ግን የማይል ካርድ ከሌለው ገንዘብ እያፈሰሰ ነው።

ርቀቱ ብቻ አይደለም ሒሳቡ። ትኬታችሁ ላይ አንዲት የላቲን ፊደል አለች፤ የትኬቱን የዋጋ ምድብ ትናገራለች። በቅናሽ የተገዛ ትኬት ከርቀቱ የተወሰነውን መቶኛ ብቻ ሊያስገኝ ይችላል። በሙሉ ዋጋ የተገዛው አብዛኛውን ጊዜ መቶ በመቶ ያስገኛል፤ ቢዝነስ ከዚያም ያልፋል። አንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው፣ አንዱ የሌላውን እጥፍ ማይል ይዞ ሊወርድ ይችላል። "ለምን አነሰብኝ?" ብለው የሚቆጡ ሰዎች መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ፊደል ላይ ነው።

አንዳንድ አየር መንገዶች ደግሞ ርቀትን ትተው በተከፈለው ገንዘብ መቁጠር ጀምረዋል። አሜሪካ ውስጥ ዴልታና ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደዚህ ዞረዋል። የምትመዘገቡበት ፕሮግራም በየትኛው እንደሚቆጥር አስቀድማችሁ እዩ።

ትኬቱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ማይሉስ የማን ነው?

የበራሪው። አባት ለአምስት ልጆቹ ትኬት ቢቆርጥ ማይሉ አባት ጋ አይገባም፤ በየልጆቹ ስም ነው። መሥሪያ ቤት ልኳችሁ ከሆነም በተለመደው አሠራር ማይሉ ለእናንተ ነው። አንድ በረራ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ ይመዘገባል፤ ሁለት ቦታ ማስቆጠር የለም።

እዚህ ላይ የኛን ሰው የሚያንገላታው የስም ጉዳይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ፊደል ብቻ ነው። ድሬ ውስጥ ስንት ሙሐመድ አለ? እያንዳንዱስ በላቲን ስንት ዓይነት ይጻፋል? አንዱ በ"ኦ"፣ ሌላው በ"ዩ"፣ አንዱ "ኤም" ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ማይል ካርዱ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ በረራው ሜዳ ላይ ይቀራል። የአያት ስምም እንዲሁ ነው። ፓስፖርት ላይ አለ፤ ስንመዘገብ ግን ስምና የአባት ስም ጽፈን እናልፋለን። ስትመዘገቡ ፓስፖርቱን ፊታችሁ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ረጅም በረራ ሄጄ የካርድ ቁጥሬን ሳልሰጥ ቀረሁ። ግድ የለም፣ በኋላ ማስመዝገብ ይቻላል አልኩ። እውነትም ይቻላል። በረራው ካለፈ በኋላ የጎደለ ማይል የሚጠየቅበት ቅጽ አለ። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የትኬት ቁጥርና የመሳፈሪያ ወረቀት። ወረቀቱን የት አደረግሁት? ማስቲካ ጠቅልዬበት አየር ላይ ጥያታለሁ። ማይሉን ለሳምንታት ተከራክሬ አጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የትኬት ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ማይሉ ገብቶ እስክታዩ ድረስ ሁለቱንም ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ። የመጠየቂያው ጊዜ ገደብ አለውና አትዘናጉ።

በሌላ አየር መንገድ ብበርስ?

አየር መንገዶች እንደ ዕድር ማኅበር አላቸው። የአንዱ አባል ለቅሶ ሲደርስበት ሌላው ድንኳን እንደሚተክልለት፣ የአንዱ ደንበኛ ሌላው ጋ ሲበር ማይሉ ይቆጠርለታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው ማኅበር አባል ነው። ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽ፣ ኢጅፕትኤር፣ ዩናይትድና ኤር ካናዳም እዚያው ናቸው። ከቶሮንቶ በኤር ካናዳ ተነሥቶ የሚመጣ ዘመድ የሼባ ማይልስ ቁጥሩን ቢሰጥ እዚህ ይመዘገብለታል፤ ከላይ ያልናት ፊደል ግን እዚህም ትሠራለች።

ለዑምራ በሳዑዲያ አየር መንገድ የበረረ ሰውስ? ሳዑዲያ ስካይቲም የሚባል ሌላ ዕድር ውስጥ ነው። ኳታር ኤርዌይስ ዋንወርልድ ውስጥ ነው። ኤሚሬትስ የትኛውም ውስጥ የለም፤ የራሱን ካርድ ይዞ ለብቻው ይኖራል። ዱባይ በኤሚሬትስ፣ ጂዳ በሳዑዲያ፣ ቻይና በኢትዮጵያ እየበረራችሁ ሦስት ካርድ ላይ ብትበትኑት ሦስቱም ጋ ትንሽ ትንሽ ይኖራችሁና የትም አትደርሱበትም። አንድ ዕድር መርጦ መክተቱ ይሻላል።

ሆቴሎችም ይህንኑ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ሸራተን ያደረ ሰው ማሪዮት ቦንቮይ የሚባለው ላይ ነጥብ ያገኛል፤ ሸራተን የማሪዮት ቤተሰብ ነውና።

ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ የሚሉትስ?

ብዙ ሰው የሚምታታበት ነው። ሁለት ዓይነት ቆጠራ አለ። አንደኛው የሚበላው ማይል ነው፤ ትኬት ይገዛበታል፣ ስትጠቀሙበት ይቀንሳል። ሁለተኛው የማዕረግ ቆጠራ ነው፤ አይበላም፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት እንደበረራችሁ ብቻ ይለካል። ሼባ ማይልስ ላይ ሁሉም በብሉ ይጀምራል፤ ከዚያ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲኒየም ይላል። ማዕረጉ ዘላለማዊ አይደለም። መብረር ካቆማችሁ ይወርዳል።

ጎልድ የደረሰ ሰው በስታር አሊያንስ በረራዎች ላይ ማረፊያ ሳሎን ይገባል፣ ወረፋው ይለያል፣ ሻንጣው ቅድሚያ ይወርድለታል። ዋናው ግን ተጨማሪ ሻንጣ ነው። ሻንጣ በክብደት በሚቆጠርበት መስመር 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚታሰብበት ደግሞ አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ለታይዋን ነጋዴ ሳሎን ገብቶ ሻይ መጠጣቱ ምን ያደርግለታል? 20 ኪሎ የስልክ ቀፎና ቻርጀር ግን ትርፍ ነው። አንድ ወዳጄ "እኔ ነጻ ትኬት አልፈልግም፣ ኪሎዬን ስጡኝ" ይላል። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ማይል ስንት ብር ያወጣል?

ቋሚ ዋጋ የለውም፤ አጠቃቀማችሁ ነው የሚወስነው። ግን በቀላሉ ይሰላል። ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ውሰዱት። ትኬቱ በጥሬው 60,000 ብር ነው እንበል። በማይል ሲሆን 30,000 ማይልና 15,000 ብር ይጠይቃል። አዎ፣ "ነጻ" ትኬት ላይም ግብርና የኤርፖርት ክፍያ አለ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። ከ60,000 ላይ 15,000 ቀንሱ። የቀረውን 45,000 ለ30,000 አካፍሉ። አንዱ ማይል 1 ብር ከ50 አወጣላችሁ። ሌላ መስመር ላይ ያው 30,000 ማይል የሚያድናችሁ 24,000 ብር ብቻ ከሆነ ዋጋው ወደ 80 ሳንቲም ወረደ። ስለዚህ ለመጀመሪያው አውሉት።

ይህችው ስሌት ከሌላ ስህተትም ታድናለች። ሁለት ትኬት ቀርቦላችኋል እንበል። አንዱ በ4,000 ብር ይወደዳል፣ ግን 1,500 ማይል ብልጫ አለው። 1,500 በ1 ብር ከ50 ሲባዛ 2,250 ብር ነው። ለ2,250 ብር ምርቃት 4,000 ብር መክፈል ምን ይባላል? ርካሹን ግዙና ልዩነቱን ኪሳችሁ ክተቱ።

ስለ ብር ካነሣን ደግሞ፣ ማይል በብር አይቆጠርም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቅቆ ብር ሲወርድ የውጭ በረራ ትኬት በብር ሲታሰብ ናረ፤ መነሻው ዶላር ነውና። 30,000 ማይል የነበረው ሰው ግን በነጋታውም 30,000 ማይል ነበረው።

ማይል አለኝ፤ ለምን "ቦታ የለም" ይሉኛል?

አየር መንገዱ በማይል የሚሰጠው መቀመጫ የተወሰነ ስለሆነ ነው። በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል ብሎ ያመነበትን መቀመጫ ለምን በማይል ይሰጣል? ታህሳስ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ወደ ድሬ የሚመጣውን በረራ አስቡ። ከአውሮፓም ከአሜሪካም ስለት ያለበት ሁሉ ይጎርፋል። በዚያ ሳምንት በማይል መቀመጫ መፈለግ ቁልቢ ደጅ ላይ በበዓሉ ዕለት ባዶ ድንኳን እንደመፈለግ ነው። ሐምሌ 19ም ያው ነው። ወይ ከብዙ ወራት በፊት ያዙ፣ ወይ በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ጸጥ ያለ ሰሞን ሂዱ። ጫቱ ሲጠወልግ ነው ምርቃት የሚበዛው።

አጠራቅሜ ባቆየውስ?

ይህኛው ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ አታቆዩት። ባንክ ያለ ብር ቢያንስ ወለድ አለው። ማይል ወለድ የለውም። ይልቁንም ሁለት አደጋ አለበት።

አንደኛው ማለቂያው ነው። ገሚሱ ፕሮግራም ማይሉ ከተገኘበት ጊዜ ቆጥሮ ያከስመዋል። ገሚሱ አካውንቱ ላይ እንቅስቃሴ ከጠፋ ይደመስሰዋል። ዴልታና ዩናይትድ ማለቂያውን ጭራሽ አንስተውታል። አካውንታችሁን ከፍታችሁ ቀኑን ፈልጉ፤ ስልኩ ላይ ማስታወሻ አድርጉ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያናድዳል። የለውዟን ሴት አስታውሱ። ጣሳው የማን ነው? የእሷ። አንድ ጠዋት ብትመጡና ጣሳው ከታች ጎድጉዶ ወደ ውስጥ የገባ ቢሆን፣ ዋጋው ያው ነው፣ ለውዙ ግን አንሷል። አየር መንገዶችም ትናንት በ30,000 ማይል የሚሰጡትን መቀመጫ ነገ 40,000 ሊሉት ይችላሉ። ደንቡ ላይ መለወጥ እንደሚችሉ ተጽፏል፤ ስትመዘገቡ ሳታነቡ "እስማማለሁ" ያላችሁት እሱ ነው። ለዚህ ነው ለጡረታ ማይል የማይቆጠበው።

ቴሌግራም ላይ ማይል የሚሸጡትስ?

ራቁ። ማይልን ለሌላ ሰው መሸጥ በፕሮግራሞቹ ደንብ የተከለከለ ነው። ሲደረስበት ትኬቱ ይሰረዛል፣ አካውንቱ ይዘጋል። ሻጩ የያዘው ማይል ደግሞ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ትኬት ማውጣት ሌላ ነገር ነው፤ በአብዛኛው ይፈቀዳል። የይለፍ ቃላችሁን በስልክ ለሚጠይቃችሁ አትስጡ።

ያን ዕለት ጠዋት ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ እናትየው አጠገቤ ተቀመጡ። የጣሳውን ነገር አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ስለዚህ ምርቃቱን ቀድሜ ከፍዬዋለሁ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። መታወቂያቸውን አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። በልጃቸው ኢሜይል ስንመዘግባቸው ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ። ስማቸውን ፊደል በፊደል ቆጥሬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ሲመጣ መሳፈሪያ ተጠርቶ ነበር፤ ትኬታቸው ላይ አልገባም። ወረቀቱን እንዳይጥሉት ነገርኳቸው። በሩ ላይ ተቆርጦ የተመለሰላቸውን ቁራጭ አጥፈው ከሙሸበኩ ካርቶን ሲባጎ ሥር ሸጎጡት።